የቀያሹ ሶሊቴር

ቀያሹ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቤቱ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ። የከፈተችው ልጁ ጭምት ናት። ጭምት የመዝገብ ስሟ አይደለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምፅዋ ስለማይሰማ አባቷ ያወጣላት ነው፤ አሁን በምትሠራበት መነጽር ቤትም ሌላ ስም እንዳላት የሚያውቅ የለም።

በሩ ላይ የቆመችው አጠር ያለች፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ሃምሳውን የተሻገረች ሴት ነበረች። ጉንፋን ይዟታል።

«መርማሪ ነኝ» አለች መሐረቧን ከአፍንጫዋ ሳታነሳ። «የአባትሽ ጉዳይ እኔ ዘንድ ደርሷል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ፋይሉ ይዘጋል ተብያለሁ። የምትፈርሚው ወረቀት አለ አሉ።»

«አለ። ወንድሜ ጽፎልኛል። አሁን ልፈርም?»

«ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

ጭምት የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደምታነብ ሆና አነበበች። በዕለቱ ከድካም የተነሳ ለአባቷ የታዘዘውን የልብ ጠብታ ስድስት ሰዓት ላይ ከሰጠች በኋላ፣ መስጠቷን ረስታ እንደደገመች፣ ምናልባትም እንደደጋገመች፣ ይህም በስህተት እንጂ በክፋት እንዳልሆነ ይላል። ከሥሩ የፊርማ ቦታ በመስመር ተሠምሮላታል።

«ደግመሽዋል?»

«አላስታውስም።»

«አንድ ጊዜ መስጠትሽንስ?»

«እሱን አስታውሳለሁ። ሃያ ጠብታ ቆጥሬ፣ በውሃ ሰጠሁት። ሁለተኛውን ነው የማላስታውሰው።»

መርማሪዋ አስነጠሰችና መሐረቧን አጠፈች። «ያልተደረገ ነገርም እንዲሁ ነው፤ አይታወስም» አለች።

ይህ አነጋገር ሌላ ጊዜ ቢሆን ጭምትን ያስደነግጣት ነበር። አሁን ግን ጥርስ ሊነቀልበት መርፌ እንደተወጋ ድድ፣ ሁሉ ነገር ከሩቅ ነው የሚሰማት። አባቷን ያገኘችው እሷ ናት። ከሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ የመጫወቻ ካርታው ከፊቱ ተደርድሮ፣ የተኛ መስሏት ነበር። ጮክ ብላ እንኳ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ጸጸት ነው ያደነዘዛት ሲል፣ እሷም ጸጸት መሆን አለበት ብላ ተቀበለች።

ፖሊስ ያሸገውን ክፍል መርማሪዋ ከፈተችው። መሐል ላይ ቀያሹ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣው የንድፍ ጠረጴዛ አለ፤ አልጋ የሚያህል ነው። የካርታው ድርድር በጠረጴዛው መሐል ተንሰራፍቷል። ሰባት ረድፎች ወደ ወንበሩ ይወርዳሉ። ያልተገለጠው ክምር በሩቁ ግራ ጥግ፣ ሁለት አሶች፣ የአንድ ቁጥር ካርታዎች፣ ደግሞ በሩቁ ቀኝ ጥግ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከዚያም ጓንት አጥልቃ፣ አንዱንም ከቦታው ሳታናጋ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ ብቻ እያነሳች ቆጠረች። ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ያገኘችውን ቁጥር ግን ለማንም አልነገረችም።

አራት ሰዓት ሲሆን አክስት መጣች፤ የቀያሹ ታናሽ እህት። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ድምፅዋ ቤቱን ሞልቶታል።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ፖሊስ እንኳ "እትዬ፣ እርስዎስ ምን ያውቃሉ?" ያለኝ የለም! የገዛ ወንድሜ አይደል የሞተው?»

«ይኸው እኔ ልጠይቅዎት» አለች መርማሪዋ ወንበር እየሳበች። «ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«የዚያኑ ቀን ነዋ! የሬዲዮ ድራማዬ ሲያልቅ ሁልጊዜ እደውልለታለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? "አስ አልወጣልኝም፣ አትጨቅጭቂኝ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ስልሳ ዓመት እህት ሆኜው፣ የመጨረሻ ቃሉ "አትጨቅጭቂኝ" ሆኖ ይቅር?»

«እርስዎም ይጫወታሉ እንዴ?»

«ማን አስተማረውና! ግን እሱ ጨዋታ አያውቅም፤ ልኬት ነው የሚያውቀው። ሳይቆጥር አንዲት ካርታ አያድልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃምሳ ሁለት እስኪሞላ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዴ አንዷ ጠፍታ ሦስት ቀን አኩርፎ ሳይጫወት ሰነበተ። ሶፋው ሥር ተገኘች።»

ከአክስት ቀጥላ የገባችው ምድር ቤት የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል። የቤቱ ቁልፍ እሷም ዘንድ አለ፤ ቀያሹ ከሁለት ዓመት በፊት በደም ግፊት ወድቆ ቀኝ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መርፌ ትወጋው ነበር።

«ጠብታው የት እንደሚቀመጥ ያውቁ ነበር?»

«ቦታውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ከጠረጠሩኝ በግልጽ ይንገሩኝ፤ ሰውን መግደል ከፈለግሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ በእጄ ነበር።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። «ካርታስ ይጫወታሉ?»

«ካርታ? ባሌ ያገባው እኮ እኔን አይደለም፤ ካርታን ነው። ከሱ ወዲህ የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚሄድ እንኳ ማወቅ አልፈለግሁም።»

«በዚያን ቀን ጠዋት ምን አለዎት?»

«ከሳጥኑ ውስጥ የመስክ ደብተር አውርጅልኝ አለኝ፤ አረንጓዴ ሽፋን ያለውን። ከሠላሳ ዓመት በፊት የለካው መሬት ነው። ያ የተናደው የትምህርት ቤት ግንብ አለ አይደል፣ ሁለት ሠራተኞች የሞቱበት? በማግሥቱ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ስለ መሬቱ ሊመሰክር ተጠርቶ ነበር። አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼለት ወጣሁ።»

ደብተሩ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ሲስተር ስትወጣ መርማሪዋ ወጥ ቤት ገባች። ከካፖርቷ ኪስ አዲስ ካርታ አውጥታ ጭምት ፊት አስቀመጠች።

«ሶሊቴር አልችልም። እስቲ አባትሽ እንደሚጫወተው አስተምሪኝ።»

ጭምት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ካርታውን ከፍታ ቆጠረች፤ ሃምሳ ሁለት ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በትና፣ ሊጥ እንደሚያሽ ሰው በመዳፏ እያዞረች በወዘችው።

«ሰባት ረድፍ ነው» አለች በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ። «በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ሰባት። በየረድፉ የመጨረሻዋ ብቻ ፊቷን ታሳያለች፤ ሌሎቹ ይደፋሉ። ሃያ ስምንቱ በዚህ ያልቃል። የቀረው ሃያ አራት ክምር ይሆናል፤ ከሱ እየገለጡ የሚሆነውን መፈለግ ነው።»

«የሚሆነው የቱ ነው?»

«በረድፉ ላይ በቁጥር ይወርዳሉ፤ ቀለም እየቀያየሩ። ቀይ ዘጠኝ ላይ ጥቁር ስምንት፣ እሱ ላይ ቀይ ሰባት። ከላዩ ያለው ሲነሳ የተደፋው ይገለጣል። ረድፉ ባዶ ከሆነ ንጉሥ ብቻ ነው የሚገባበት። አስ ስትወጣ ለብቻዋ ትቀመጣለች። በሷ ላይ የራሷ ዓይነት ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ንጉሡ ይሞላል። አራቱም ከሞሉ አሸነፉ ማለት ነው። መሄጃ ካጡ ተሸነፉ፤ ይሰበስቡታል።»

«በማን ነው የምሸነፈው?»

«በማንም። ብቻዎን ነዎት።»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን ሳይሆን የጭምትን እጆች ነበር የምታየው። ቀኟ ጭኗ ላይ በድን ሆኖ ተኝቷል። የበወዘችውም፣ ያደለችውም፣ የምትገልጠውም በግራዋ ብቻ ነው። ክምሩን ደረቷ ሥር፣ የወጣችውን አንዲት አስ ደግሞ በግራ ክንዷ አጠገብ አኑራለች።

«ግራኝ ነሽ?»

«አይ።» ጭምት እጇን አየችው፤ የሷ አልመስል አላት። «ሌላ ሰው ሲጫወት አይቼ አላውቅም። እሱ እንደሚያደርገው ነው ያደረግሁት። ቀኝ እጁ አይሠራም ነበር፤ የማይደርስበት ቦታ ካርታ አያስቀምጥም።»

ይህን ከተናገረች በኋላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ወደ ንድፉ ክፍል ዞረች።

«ዝም በይ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «እስከ አሥር ሰዓት ያዢው።»

ስድስት ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሟ መጣ። መሐንዲስ ነው፤ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ረጅም፣ ለሰው ሁሉ ጥሩ ቃል የማያጣ። የጭምትን ራስ ሳመ።

«ጭምቴ፣ ፈረምሽ?»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ። ስህተት ነው፤ ስህተትን ማንም አያስርም። ከፈረምሽ በኋላ ይቀልሻል።»

መርማሪዋ ተነስታ ጨበጠችው። የአባቱን ክፍል አሳየችውና የሶሊቴሩን ነገር ጠየቀችው።

«ቢሮ ውስጥ ሁለተኛ ሥራዬ እኮ ነው!» አለ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ስብሰባ ሲረዝም ኮምፒዩተሬ ላይ እከፍተዋለሁ። እሱው በውዞ ያድልልኛል፤ የማይሆን ቦታ ባስቀምጥም መልሶ ይወስደዋል። በእጄ ካርታ በውዤ አላውቅም። አባባ በዚህ ይንቀኝ ነበር።»

«ሲጫወት ያዩት ነበር?»

«ድሮ ልጅ ሳለሁ። አሁን ጊዜ የት አለ? ስመጣም አሥር ደቂቃ ነው።»

«በዚያን ቀንስ?»

«አልመጣሁም። ቀኑን ሙሉ ግንባታ ቦታ ነበርኩ።»

«የተናደውን ግንብ መሠረት ያጸደቁት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ። ስለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተጎዳሁት። አባባ ሊመሰክርልኝ ነበር፤ ደብተሩ ቢገኝ ነፃ ያወጣኛል። የት እንደገባ አላውቅም። እሱ እንደሆን አይጥለውም። ከአምስት ዓመታችን ጀምሮ ያስተማረን ነገር ቢኖር የመስክ ደብተር እንደማይቀደድ፣ እንደማይቃጠል ነው። የተሳሳተውን እንኳ አይፍቁትም፤ በአንድ መስመር ሰርዘው ከጎኑ ይጽፋሉ።»

መርማሪዋ አመስግናው፣ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም እዚሁ እንዲገኙ ነግራ ወጣች። አክስት በመስኮት እያየቻት፣ «ይቺ ደግሞ ጉንፋኗን ለሁላችን አድላን ምሳዋን ልትበላ ሄደች» አለች።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ አምስቱም የቀያሹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። አክስት ከሳሎን ባመጣችው ወንበር ላይ፣ ሲስተር መስኮቱ ሥር፣ መሐንዲሱ በሩ አጠገብ። ጭምት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዛ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ሰዓት ጨዋታው የሷ መሆኑን ታውቃለች። ትፈርምና አባቷን የገደለች ሴት ሆና ትኖራለች፤ ወይም ሌላ ነገር ይሰማል። የትኛው እንደሚሻላት ለመለየት ሞከረችና አቃታት።

«ከሰዓቱ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «እትዬ፣ ድራማዎ ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ዘጠኝ። መቼም ዝንፍ ብሎ አያውቅም።»

«ወንድምዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ አንስቶ ተቆጥቶዎታል ማለት ነው። ሐኪሙ እንደሚለው፣ ሰውነቱ ውስጥ የተገኘውን ያህል ጠብታ የወሰደ ሰው አንድ ሰዓት አይቆምም። ጭምት በስድስት ሰዓት አንዴም ትስጥ፣ አሥሬም ትስጥ፣ በዚያ መጠን ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ላይ የሚቆጣ ሰው አይኖርም ነበር። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ደግሞ መነጽር ቤት ደንበኛ ስታስተናግድ ነበር።»

«አክስቴ ሰዓት ትሳሳታለች» አለ መሐንዲሱ ለስለስ ብሎ።

«እሳቸው ቢሳሳቱ የስልክ መዝገቡ አይሳሳትም። ዘጠኝ ከአራት ደቂቃ ይላል።»

«እንዴት ነው እኔ የምሳሳተው!» አለች አክስት። የሰማት የለም።

«ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ ሻይም አግኝቷል» ቀጠለች መርማሪዋ። «ጭምት የሰጠችው ውሃ ነው። በአንድ እጁ የቀረ ሰው ብቻውን ሻይ አያፈላም። ስለዚህ ከዘጠኝ በኋላ እንግዳ ነበረው፤ እንግዳውም ሻይ አፍልቶለታል። ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ካርታው ብቻ ነው ያለው።»

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ጠዋት ቆጠርኩት። ሃምሳ አንድ ነው። የአበባ ዘጠኝ የለችም።»

አክስት አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴ! እሱ እኮ ሳይቆጥር...»

«አያድልም። ስለዚህ ሲጀምር ሃምሳ ሁለት ነበር። በመሐል ካርታው ተበትኗል፤ ሲወድቅ በክንዱ ጠርጎት ይሆናል። አንዷ ጠፋች፤ የቀሩትን ሰው ከወለል ለቅሞ ደረደራቸው። ለምን? ሽማግሌው ብቻውን፣ በሰላም፣ ሲጫወት ሞተ እንዲባል። ጠብታውን ያበዛችበትም ስድስት ሰዓት ላይ አብራው የነበረችው ልጁ ናት እንዲባል።»

ጭምት እስክሪብቶው ከእጇ ሲወድቅ አየችው። ድምፁ አልተሰማትም።

«ለቃሚው ማን ነው? ረድፎቹ በሕጉ የወረዱ ናቸው፤ ጥቁር በቀይ ላይ፣ ቀይ በጥቁር ላይ። ሲስተር ይህን አያውቁም። እትዬ ያውቃሉ፤ ግን ወንድማቸው አሶቹን የት እንደሚያስቀምጥም ያውቃሉ። ጭምት ዛሬ ጠዋት ሳታውቀው የአባቷን ድርድር አሳየችኝ፤ ክምሩ ደረት ሥር፣ አሶቹ በግራ ክንድ አጠገብ። እነዚህን ተመልከቱ። አሶቹ በሩቁ ቀኝ ጥግ ናቸው። ቀኝ እጁ የማይሠራ ሰው በዚህ ስፋት ላይ እዚያ ለማስቀመጥ ተነስቶ መዞር አለበት። ክምር በግራ ላይ፣ አሶች በቀኝ ላይ፣ ረድፎቹ ከሥር የሚወርዱበትን ቦታ ግን አውቃለሁ፤ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የደረደረው ሰው ጨዋታውን ያውቃል። ቀያሹ ሲጫወት ግን ከታመመ ወዲህ አላየውም።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። መሐንዲሱ ፈገግታው አልጠፋም።

«ኮምፒዩተር ላይ የሚጫወት ሰው በዓለም ላይ ስንት ነው?»

«ልክ ነዎት። በዚህ ብቻ ሰው አይያዝም። ስለዚህ ደብተሩን ፈለግሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን አመድ አድርጎት ነበር። የቀያሽ ልጅ ግን ደብተር አያቃጥልም፤ ራስዎ ነገሩኝ። ከምሳ በኋላ የፍተሻ ትእዛዝ ይዤ ቢሮዎ ሄድኩ። የድሮ የመስክ ደብተሮች በየዓመታቸው ተሰድረው ሦስት መደርደሪያ ሞልተዋል። አባትዎ መሬቱን የለካበትን ዓመት ፈለግሁ። በቦታው፣ በተራው ነበር።»

ከቦርሳዋ አረንጓዴውን ደብተር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። በሁለቱ ገጾች መሐል የአበባ ዘጠኝ ተኝታለች። ካርታው ሲበተን የተከፈተው ደብተር ውስጥ ገብታ፣ የዘጋው ሰው ሳያያት ቀርቷል። ከካርታዋ በላይ በቀጭን እርሳስ የተጻፈው ይነበባል፦ ከሥር የተሞላ የወንዝ መሄጃ። ግንብ አይቆምበትም።

መሐንዲሱ ወደ ደብተሩ ሳይሆን ወደ ወለሉ ነበር የሚያየው። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ለመንኩት» አለ። «"ትዝ አይለኝም በል፤ ሽማግሌ ነህ፣ ማን ይፈርድብሃል?" አልኩት። "ደብተሩ የሚለውን ነው የምለው" አለኝ። መሬቱን ከመጀመሪያውም ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጠረገ። «ሻይ ሳመጣለት ደስ አለው። "ዛሬስ ሻይ አፈላህልኝ" አለ። ስኳር አብዝቼበት ነበር።»

አክስት እሪ አለች። ሲስተር ይዛት ወደ ሳሎን ወሰደቻት። ደረጃው ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

«እኔንስ?» አለች ጭምት።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ላይ ማንም አይጨክንም ብዬ ነው። በስህተት ይለቁሻል ብዬ።»

«እኔ ግን እኖርበት ነበር።»

ወንድሟ እጆቹን ሲያስሩት ዘረጋ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፖሊሶቹም አብረውት ቆሙ።

«ጭምቴ፣ ልትፈርሚ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች። «ጽፈህልኝ አልነበር?»

የእግራቸው ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ቆማ ሰማች። መርማሪዋ ደብተሩንና ካርታዋን በከረጢት አሽጋ፣ ወረቀቱን ከበርጩማው ላይ አንስታ በአንድ ሰያፍ መስመር ሰረዘችው፤ አልቀደደችውም። «ይህም ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል» አለችና ሌላ ባዶ ወረቀት ሰጠቻት። «ነገ ጠዋት የምታስታውሺውን ብቻ ጽፈሽ ታመጪልኛለሽ።»

ጭምት ሳሎን ስትገባ አክስቷ ድምፅዋ ተዘግቶ ሶፋው ላይ ተጠቅልላለች። አጠገቧ ተቀመጠች። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰውነቷ ምንም ነግሯት አያውቅም።

«አክስቴ» አለች፣ አፍራ። «ራበኝ።»

አክስት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ተነሳችና ወጥ ቤት ገባች። ጭምትም ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።